ፊደልን ከቀኝ የጀመርኩበት ክረምት

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሙና ደብተሯን ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሙና የልጅ ልጄ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ዘሀራ ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ስለምትሠራ፣ ቀን ቀን በሰው አገር ኪዋቱሌ ባለችው ቤታችን የምንውለው እኔና ሙና ነን። ጉልበቴ ኦዊኖ ገበያ ቆሜ ሰልባጅ መለየቱን እምቢ ካለኝ ወዲህ ሥራዬ እሷ ሆናለች። ማብላቱስ፣ ማጫወቱስ አይከብድም። የከበደኝ ማስጠናቱ ነው።

ትምህርት ቤቷ ዓርብ ዕለት ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ያያል ተብለናል። ከአንድ እስከ ሃያ መጻፍ ያልቻለ ልጅ አንደኛ ክፍል አይገባም፤ ትንንሾቹ ጋር፣ ቤቢ ክላስ የሚሉት ውስጥ፣ ዓመቱን ይደግማል። የጎረቤታችን ልጅ፣ ከሙና ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ የምትሄደው፣ እስከ መቶ ትጽፋለች። ሙና እርሳስ ካየች ፊቷን ታዞራለች።

ያን ዕለት ዝናቡ ይዘንባል፣ እኛ በረንዳው ላይ ተቀምጠናል።

"በይ የኔ እናት፣ እስከ ሃያ ብቻ" አልኳት።

"እጄ ደክሞታል።"

"ገና ምን ጻፈና ነው የደከመው?"

"ሳይጽፍ ነው የደከመው፣ ጃጃ።"

ጃጃ ነው የምትለኝ፤ የሰፈሩ ልጆች አያታቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ሳቄ መጣና ዋጥ አደረግሁት፤ ስስቅ ካየች የዕለቱ ትምህርት አበቃ ማለት ነው። "እሺ፣ አንድን ብቻ ጻፊና ልቀቂኝ" ብዬ ለመንኳት። ተነሣች። ደብተሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብላ ሄደችና፣ ዘሀራ ጠዋት ጥቀርሻው እንዲለቅ ድስት የዘፈዘፈችበት ሳፋ ውስጥ አጠለቀችው። ከዚያ ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አልሸሸችም።

እጅጌዬን ሰብስቤ ደብተሩን አወጣሁት። ወደ ፊቴ ቀረብ ሳደርገው የርጥብ ጥቀርሻ ሽታ መታኝ። መቼስ ሽታ ሰውን አያማክርም። ወዲያው ኪዋቱሌን ትቼ ወሎ ገባሁ፤ ሰባት ዓመቴ ይሁን ስምንት ያላወቅሁበት ክረምት ውስጥ ገባሁ።

እኛ ቀለም የምንሠራው ከጥቀርሻ ነበር። ከድስት ቂጥ ፍቀን፣ በሙጫ ውሃ በጥብጠን፣ በሸምበቆ ብዕር እያጠቀስን ሉህ ላይ እንጽፋለን። ሉህ የምንለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ቁርዓን የቀራንበትን በቃል ከያዝን በኋላ በውሃ እናጥበዋለን፤ እንጨቱ ሲደርቅ ሌላ ይጻፍበታል። የቁርዓን ቤቱ ግቢ ጠዋት ጠዋት የሚሸተው ይህንኑ ርጥብ ጥቀርሻ ነበር። ልብሳችንም ጣታችንም፣ አንዳንዴ ከንፈራችንም።

ሸሆቹ፣ እኛ መምህራችንን አክብረን እንዲያ ነበር የምንላቸው፣ ተቆጪ ሰው አልነበሩም። አንድ ነገር ግን ሺህ ጊዜ ይደጋግሙ ነበር፤ "ቢስሚላህ በሉ፤ ከቀኝ ጀምሩ።" ምግብ በቀኝ እጅ፣ መስጊድ በቀኝ እግር፣ ጫማ ከቀኙ። ግራ የሚቀድመው መጸዳጃ ቤት ሲገባ ብቻ ነው። የአረብኛው ጽሕፈትም እንደምታውቁት ከቀኝ ነው የሚነሣው። እኔ ታዲያ ዓለም በሙሉ ከቀኝ የሚጀመር መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አጎቴ ይማም ዘንድ እሄዳለሁ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበር። መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ ሲሰፋ ይውላል። የአማርኛ ፊደል የሚያስተምረኝ እሱ ነው። ሰሌዳ ስላልነበረው ከኮት የተረፈ ጥቁር ጨርቅ ግድግዳው ላይ ወጥሮ፣ በሚለካበት ጠመኔ ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ከሥሩም ሌላ መስመር፣ ከሥሩም ሌላ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አባቴ በቅሎ ነጋዴ ነው፤ ቆርጦ ተናግሯል። "መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ሲመዘግብ ርእሰ መምህሩ መስመር ሰጥቶ ያስነብባል አሉ። ካነበበ ይማር። ካላነበበ ከኔ ጋር ገበያ ለገበያ ይዙር፤ ለበቅሎ ፊደል አያስፈልጋትም።"  እናቴ ማታውኑ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ "አደራህን" አለችው። አጎቴም "አብሽሪ፣ እኔ አለሁ" አላት።

አጎቴ ሲያስተምር ዓይኑ ስፌቱ ላይ ነው። እሱ "ለ ሉ ሊ" ይላል፣ እኔ ዘንግ ይዤ ጨርቁ ላይ ያለውን እየነካሁ እከተለዋለሁ። ዜማውን በሦስት ቀን ያዝኩት። በዘንጌ ግን ከየት እንደጀመርኩ አላየም። እኔ ከቀኝ ነበር የጀመርኩት። "ለ" ስል የምነካው "ሎ"ን ነው፤ "ሉ" ስል "ል"ን። እንዲህ እያልኩ ወደ ግራ እሄዳለሁ። ዜማው ሳይዛነፍ ያልቃል፣ ዘንጌም ዳር ይደርሳል፤ አጎቴም "ጎበዝ!" ይላል።

ሲፈትነኝ ነው ጉዱ የፈላው። ወረቀት ላይ ስሜን ጻፈና በመርፌው ጫፍ አንድ አንዷን እየጠቆመ "ይህችስ?" አለኝ። የኔ ስም ሰይድ ነው።

"ሶ" አልኩ።

"ይህችስ?"

"ዩ።"

"ይህችስ?"

"ዱ።"

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ደንበኛ ነበር፤ ወገቡን ይዞ ሳቀ። "ይማም፣ የእህትህ ልጅ ስም ሶዩዱ ነው እንዴ? የየት አገር ሰው ነው?" ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ "ሶዩዱ! እንዴት ዋልክ ሶዩዱ!" ይለኝ ጀመር። ቀሚስ ቢያስነብቡኝ "ቆሜሱ" እላለሁ። ኮት ቢያስነብቡኝ "ከቱ"። ሴቶቹ ለሳቅ ብለው ከቤታቸው ስም እያስጻፉ ያመጡልኝ ነበር።

አጎቴ ያርመኛል። "አይደለም፣ ይህ ሰ ነው" ይላል። እኔ ዝም እላለሁ። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ "ሶ" እላለሁ። ሰው ሁሉ ደንቆሮ ነው አለ፤ አባቴ ግትር ነው አለ። የበቅሎ ግትርነት ለምዷልና የሁለቱን ልዩነት ያውቃል።

የልጅ ነገር! እኔ የማስበው ሌላ ነበር። አጎቴ ጠመኔውን ከግራ ሲያነሣ አይቼዋለሁ። በልቤ "ምስኪን አጎቴ፣ ከግራ መጀመር ነውር መሆኑን አያውቅም" አልኩ። ይህን ሸሆቹ ቢሰሙ ምን ይሉታል? ደግ ሰው ነው፣ ለድሃ ልጅ በነጻ ይሰፋል፣ ጁምዓ አያስቀርም። ብናገር አዋርደዋለሁ፤ እሱ እንዳለው ባነብ ደግሞ ጥፋቱን አብሬ አጠፋለሁ። ስለዚህ አልናገርም፣ አላነብምም። ቀኙን ይዤ ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ጭንቀት ተሸክሜ ነው ክረምቱ ያለፈው። ዝናብ በበረታ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ አጎቴ መኪናውን ወደ ውስጥ ያስገባና ጨለማ ነው ብሎ ይተወኛል።

አጎቴ ግን አንድ ነገር ከነከነው። አንድ ቀን ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ "ይህ ልጅ ራብዕ ላይ ሲደርስ አይስትም እኮ" አለ። ራብዕ ማለት አራተኛዋ ናት፤ ላ፣ ባ፣ ማ። ባላ ብሎ ቢጽፍልኝ ባላ እላለሁ። አባባ ቢል የመጀመሪያዋን ስቼ "ኦባባ" እላለሁ። "ደንቆሮ ቢሆን ሁሉንም ይስታል" አለ ለራሱ። "አንዷን ለይቶ የሚያውቅ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?" አጠገቡ የቆመ ደንበኛ "ተወው አንተ፣ ሱሪዬን ስጠኝ" አለው።

መስከረም ገብቶ ነበር። አጎቴ አመሻሽ ላይ ዕቃውን ሲሰበስብ ያን ጥቁር ጨርቅ ከግድግዳው አወረደ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚያጥፈው በዘፈቀደ አይደለም፤ ጫፍ ከጫፍ ገጥሞ፣ እኩል መሃሉን ነው የሚሰብረው። ለ ሎ ላይ ተኛች። ሉ ል ላይ። ሊ ሌ ላይ። ላ ብቻዋን እጥፋቱ ላይ ቀረች። አጎቴ ሊያስቀምጠው ጎንበስ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቀረ። ዘረጋው። እንደገና አጠፈው።

"ሰይድ" አለኝ፤ ሶዩዱ አላለኝም። "ና እስቲ።"

ሄድኩ።

"አንተ ልጅ ሁሉንም ታውቃለህ። ከወዲያኛው በር ነው የገባኸው። ይህ ገብቶኛል። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ስነግርህ ለምን ዝም ትላለህ? ለማን ብለህ ነው?"

ለምን ግትር ሆንክ ቢለኝ አሁንም ዝም እል ነበር። ለማን ብለህ ነው ሲለኝ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "ላንተ ብዬ ነዋ" አልኩት። "ሸሆቹ ከግራ እንደምትጀምር እንዳይሰሙብህ።"

አልሳቀም። ጨርቁን እጁ ላይ እንደያዘ ቁጭ አለ። ከዚያ እጄን ይዞ፣ ዝናቡ ገና እያንጠባጠበ፣ ሸሆቹ ዘንድ ወሰደኝ። በመንገዱ ሁሉ አጎቴ ሊዋረድ ነው እያልኩ እግሬን እጎትታለሁ። ሸሆቹ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ጠመኔውን ከአጎቴ ተቀበሉና ለኔ ሰጡኝ።

"በየትኛው እጅህ ያዝከው?"

"በቀኝ።"

"እንግዲያው መስመሩ ወደፈለገበት ይሂድ። ቀኝነቱ ለእጅህ ነው፣ ልጄ። የአረብኛው ከዚህ ይመጣል፣ የአማርኛው ከዚያ ይመጣል፤ መሃል ላይ ቢገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ እንጂ አይጣሉም።" ወደ አጎቴም ዞሩና "አንተም ስታስተምር ቀና በል፤ ክር ልጅ አይተካም" አሉት። አጎቴ አንገቱን ደፋ። ተዋረደ እንዳልል ሸሆቹ እጁን ይዘው ነበር።

በሳምንቱ አነበብኩ። ልብስን ከውስጥ ወደ ውጭ እንደመገልበጥ ነበር፤ የተሰፋው ያው የተሰፋው ነው። አጎቴ አዲስ ሸሚዝ አልብሶ ትምህርት ቤት ወሰደኝ። ርእሰ መምህሩ መዝገቡን ዘግቶ ነበር። "ከትናንት ወዲያ ነው የጨረስነው፤ ወንበርም የለ። የከርሞ ሰው ይበለን" አለ። አጎቴ "ብቻ ያንብብልዎ" ብሎ ለመነው። ርእሰ መምህሩም ይሉኝታ ይዞት አንድ ገጽ ሰጠኝ፤ ሳልደናቀፍ አነበብኩት። "ጎበዝ ነው" አለ። መዝገቡን ግን አልከፈተውም።

ከርሞ እኔ ከአባቴ በቅሎዎች ኋላ ነበርኩ። ትምህርቴ ያች አንድ ገጽ ናት። አጎቴ ሽማግሌ ከሆነ በኋላ እንኳ ባገኘኝ ቁጥር "ጨርቁን በነሐሴ አጥፌው ቢሆን ኖሮ" ይል ነበር። እኔ ግን እሱን ተቀይሜው አላውቅም። የዘገየሁት በገዛ ዝምታዬ ነው።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት የራሰ ደብተር ይዤ ቆሜ ይህ ሁሉ ካለፈብኝ በኋላ፣ ሙናን ዞሬ አየኋት። ለሁለት ወር ሙሉ "ለምን አትጽፊም? ለምን እንቢ ትያለሽ?" ስላት ነው የቆየሁት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ሙናዬ" አልኳት፣ "ለማን ብለሽ ነው?"

የእግሯን አውራ ጣት አየች። ዝናቡን አየች። 

"ቲቸር ቱ ጻፊ አለችኝ" አለች በመጨረሻ። "ጻፍኩ። ልጆቹ ሳቁ።"

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

ጣቷን ሳፋው ውስጥ ነክራ ሲሚንቶው ላይ ጻፈች። ሁለት ክብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። 8።

"ይህ ማነው?"

"ሁለት።"

"ሁለት ነው ብሎ ማን ነገረሽ?"

 ዓይኗ በበሩ በኩል ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ሄዶ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ።

ጠዋት ጠዋት "ማሚ በስንት ትሄዳለች? በስንት ትመጣለች?" እያለች ስታደርቀኝ፣ ወንበር ላይ አቁሜ ሰዓቱን የማሳያት እኔ ነኝ። አጭሩ ቆጣሪ 8 ላይ ሲያርፍ እጄን እዚያ ላይ አድርጌ "ይኸውልሽ፣ ሁለት" እላታለሁ። 5 ላይ ሲደርስ "አስራ አንድ፣ በቃ መጣች።" እኛ አበሾች ዕድሜ ልካችንን እንዲህ ነን። ዓይናችን ስምንት ያያል፣ አፋችን ሁለት ይላል፣ ማንም አይሳሳትም። ቁጥር የማያውቅ ልጅ ግን የተነካውን ሥዕልና የተጠራውን ስም ነው አንድ ላይ የሚያስቀምጠው። ቁጥር በቁጥር፣ በገዛ ጣቴ፣ አስቼ አስተምሬያት ኖሯል።

"ቲቸር ማነው ያስተማረሽ አለችኝ" አለች ሙና። "ኖ፣ አልነግርም አልኩ።"

"ለምን ታዲያ አልነገርሻትም፣ የኔ እናት?"

"አንተን ቤቢ ክላስ ያስገቡሃላ! ያልቻለ ሰው እዚያ ነው የሚገባው። እዚያ ደግሞ ወንበሩ ትንሽ ነው፤ ጉልበትህን ያምሃል።"

አልሳቅሁም። የራሰውን ደብተር ገጽ በገጽ እየለየሁ እንዲደርቅ አሰጣሁት።

ዘሀራ ስትመጣ ነገርኳት። እሷ ግን እስኪያማት ሳቀች። "አባባ፣ እርስዎ ነዎት ለካ! እኔ እኮ ልጄ የማየት ችግር አለባት ብዬ ሐኪም ቤት ልወስዳት ነበር። ይተዉት፣ ለአስተማሪዋ ስልክ እደውላለሁ።"

"የለም" አልኳት። "በስልክ አይሆንም። እኔ ነኝ የምሄደው።"

ረቡዕና ሐሙስ ሰዓቱን ከግድግዳው አውርጄ በባቄላ ፍሬ ጀመርን። ሁለት ፍሬ፣ ሁለት ቁጥር። ስምንት ፍሬ፣ ስምንት ቁጥር። ትቆጥራለች፣ ትሰማኛለች፤ እርሳስ ስሰጣት ግን እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች። "መጀመሪያ ቲቸር ትወቅ" አለች። "ግን እንዳታስገባህ ተጠንቀቅ።"

ዓርብ ቦዳ የሚሉት ሞተር ብስክሌት ተሳፍረን ሄድን፤ ሙና ከፊቴ፣ እኔ ከኋላዋ። አስተማሪዋ ወጣት ሴት ናት፣ ፀጉሯን በጨርቅ የጠቀለለች። ሙናን ከጠረጴዛው ፊት አስቀመጠቻት፤ እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። ሉጋንዳዬ፣ የአገሬውን ቋንቋ ማለቴ ነው፣ የኦዊኖ ሉጋንዳ ነው፤ ለዋጋ እንጂ ለይቅርታ አልተማርኩትም። ቃል ሲያንሰኝ ከእንግሊዝኛ እየለመንኩ፣ ሲያንሰኝ በእጄ እያሳየሁ ነገርኳት። ሰዓት ሠራሁላት፤ ጣቴን እንደ ቆጣሪ 8 ላይ አሳረፍኩና "ቱ" አልኩ። ከዚያ ደረቴን ነካሁ። "ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ አላጠፋችም።"

አስተማሪዋ መጀመሪያ ግራ ገባት። ቀጥሎ አፏን በእጇ ያዘች። "ሳዋ ቢሪ!" አለች። በነሱም ቋንቋ ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ እነሱም እንደኛ ስምንትን እያዩ ሁለት የሚሉ ሰዎች ናቸው። "እኔስ ከእናቴ ጋር ሳወራ ሳዋ ቢሪ አይደል የምለው! እንዴት ሳይታየኝ ቀረ?" ሙና የሁለታችንን ፊት በየተራ ታያለች፤ ማን እንደሚቀጣ ትጠብቃለች። አስተማሪዋ ይህን ያየች መሰለኝ፤ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ "ጃጃ ደህና ነው" አለቻት። "አሁን አንቺ ጻፊልኝ።"

ወረቀት ሰጠቻት፣ እሷም እየጠራች ሄደች። ዋን። ሙና ጻፈች። ቱ። እርሳሱን አንዴ አነሣችና አንገቱ ቆልመም ያለውን፣ ትክክለኛውን ሁለት ጻፈች። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ስድስት ትንሽ ወደቀ፣ ሰባት ቀና አለ። ኤይት።

እርሳሷ አየር ላይ ቆመ። ዞራ አየችኝ። መርሳት አልነበረም፣ ፊቷ ላይ አየሁት። ፈቃድ ነው የጠየቀችኝ።

"ጻፊው፣ የኔ እናት" አልኳት በአማርኛ። "ስምንት ነው።"

ሁለቱን ክብ አንዱን ባንዱ ላይ አሰረቻቸው። ከዚያ ወዲያ እስከ ሃያ ድረስ አንድም ጊዜ ወደኔ አልዞረችም።